ከዓይን በፊት እግር፦ ሰውን የመሣል መሠረቶች በላስታ ምድር

እርሳስ የጨበጠ ጀማሪ «ሰው ሣል» ሲባል ከዓይን ይጀምራል። ዓይኑን ይከብባል፣ ብሌኑን ያጠቁራል፣ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ይደረድራል፤ አፍንጫና አፍ ይከተላሉ። አንገት ላይ ሲደርስ የወረቀቱ ግማሽ አልቋል። ትከሻና ወገብ በተረፈው ቦታ ይታጨቃሉ፣ እግር ወይ ያጥራል ወይ ጭራሹን ይቀራል። እጁ ስላልሰላ የሚመስለው ብዙ ነው። እጁ ግን ጥፋት የለበትም፤ የተሳሳተው የአስተያየቱ ቅደም ተከተል ነው።

ይህ ንግግር ስለዚያ ቅደም ተከተል ነው። ሰውን ለመሣል የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ከፊቱ የቆመው ሰው ክብደቱን የት ላይ እንደጣለ ነው። ቀጥሎ የአካሉን ልክ፣ ከዚያ ግዝፈቱን፣ ከዚያ ልብሱንና ብርሃኑን ያያል። ፊትና ጣት በመጨረሻ ይመጣሉ። ላሊበላና ዙሪያዋ ያለው የላስታ ደጋ ይህን ለመማር የተመቸ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ሰዎች ጎን ለጎን ይገኙበታል። አንደኞቹ በግድግዳና በዐለት ላይ ለዘመናት የቆዩ ቅዱሳንና ነገሥታት ናቸው። ሌሎቹ በየአደባባዩ ነጭ ለብሰው፣ በትር ተደግፈው ለረጅም ሰዓት የሚቆሙ ሕያዋን ናቸው።

ከግድግዳው እንጀምር። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ በዋሻ ውስጥ የተሠራችው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት፤ የግድግዳ ሥዕሎቿም በኢትዮጵያ ከተረፉት ጥንታውያን መካከል ይቆጠራሉ። በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ምስል አለ። በላሊበላ ከተማ ውስጥ የቤተ ማርያም ጣሪያና ቅስቶች በቀለም የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ ከመግቢያዋ በላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። በቤተ ጎልጎታ ደግሞ በኢትዮጵያ ጥበብ ብዙም ያልተለመደ ነገር ይታያል፤ በግድግዳው ላይ በቅስት ውስጥ የቆሙ፣ የሰው ቁመት የሚያክሉ ቅዱሳን ከዐለቱ ጎልተው ተፈልፍለዋል። በሥርዓቱ መሠረት ሴቶች ወደ ጎልጎታ ስለማይገቡ፣ ሴት ተማሪ ጥናቷን በቤተ ማርያም ብትጀምር ይሻላታል።

እነዚህ ምስሎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ራስ ከሰውነት አንጻር ይተልቃል፤ ዓይን ይሰፋል። ቅዱስ ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ ፊቱን ወደ ምእመኑ ይመልሳል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ክፉ ወታደር ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የምስሉ ትልቅነት የሚወሰነው በማዕርግ እንጂ በርቀት አይደለም። የልብስ እጥፋት ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ይገለጻል። ሕፃኑ ኢየሱስ በእናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖም ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ አዋቂ ይሣላል። ይህ ሁሉ ካለማወቅ የመጣ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሥለው የሚታመነውንና የሚታወቀውን ስለሆነ፣ ሠዓሊው በዚያ ቅጽበት ከቆመበት ቦታ ምን እንዳየ ማወቅ ለጸሎት የቀረበውን ሰው አይጠቅመውም።

ትምህርቱም ለዚሁ ዓላማ የተቃኘ ነበር። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ይቀዳል፤ መምህሩ የምስሉን ዙሪያ በመስመር ያወጣል፣ ተማሪው ቀለም ይሞላል፣ ቀስ በቀስም መስመሩ ራሱ ወደ እጁ ይገባል። ቀድቶ መማር የሚናቅ መንገድ አይደለም። ቪንሰንት ቫን ጎኽ በ1880 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ ሠዓሊ ለመሆን ሲቆርጥ፣ ፈረንሳዊው ሻርል ባርግ ለተማሪዎች ያዘጋጃቸውን የንድፍ ሰሌዳዎች ደጋግሞ ገልብጧል። ከመቅዳት መስመርን ማጥራት፣ ትዕግሥትና የእጅ ድፍረት ይገኛሉ። ክብደት ግን አይገኝም። በግድግዳው ላይ ያለው ቅዱስ ብዙ ጊዜ መሬት አይረግጥም፤ እግሮቹ ወደ ጎን ዞረው ከልብሱ ጫፍ ሥር ብቅ ይላሉ እንጂ የሰውነቱን ሸክም አይችሉም። ተማሪው ከግድግዳው ወደ አደባባይ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ይህን መንገድ በሕይወታቸው የተጓዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተገኙት አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ያ ትምህርት ቤት ነው። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ወደ ሥዕል ዞሩ፤ ለንደን በሚገኘው የስሌድ ትምህርት ቤትም ተማሩ። ስሌድን ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመራ የነበረው ዊሊያም ኮልድስትሪም፣ ክንዱን ዘርግቶ በብሩሽ እጀታ እየለካ፣ የልኬቱን ነጥቦች ሳያጠፋ በሸራው ላይ በመተው ይታወቃል። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ያላቸውን ዝምድና አላቋረጡም። አለ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥለዋል፤ አፈወርቅም በአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕላቸው ላይ የኢትዮጵያን የቀለም ባህል ከአውሮፓ የአካል ንድፍ ጋር አገናኝተዋል።

አሁን ወደ ክብደት።

ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በቱምቢ እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ ሠዓሊም በዓይኑ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያወርዳል። መነሻው ከጉሮሮ በታች፣ ደረት ከሚጀምርበት ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ናት። ሰው በሁለቱም እግሮቹ እኩል ሲቆም መስመሩ በእግሮቹ መካከል ያርፋል። ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ሲጥል ግን መስመሩ ወደዚያው እግር ቁርጭምጭሚት ይሄዳል። ሌላው አካልም ይህንን ይከተላል፦ ክብደት በተሸከመው እግር በኩል ዳሌ ከፍ ይላል፣ በዚያው በኩል ትከሻ ዝቅ ይላል፣ አከርካሪ በሁለቱ መካከል ይለመጣል። የግሪኩ ቀራጺ ፖሊክሌይቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ጦር የያዘውን ወጣት በዚህ ሚዛን ቀረጸ። የነሐሱ ሐውልት ቢጠፋም ሮማውያን በእብነ በረድ የሠሯቸው ቅጂዎች እስከ ዛሬ የንድፍ ተማሪ መማሪያ ናቸው።

የላስታ እረኛ ይህንኑ ሚዛን ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን በዱላው ላይ ጥሎ፣ በአንድ እግሩ አርፎ ሲቆም፣ ዱላው የትከሻውን ዝንባሌ ከሩቅ ያሰምረዋል። ተማሪው መጀመሪያ የዱላውን መስመር ያሠፍራል። ቀጥሎ በተቃራኒው ያዘነበለውን የዳሌ መስመር ያክላል። ከዚያ ከአንገት ሥር ወደ ቋሚው እግር መስመሩን ያወርዳል። ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሰውዬው ግን ቆሟል።

መቋሚያውን የተደገፈ ካህን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ማሕሌት ለሰዓታት ይዘልቃል፤ ካህኑ መቋሚያውን በብብቱ ሥር ወይም በአገጩ ሥር አድርጎ ከክብደቱ ከፊሉን ያካፍለዋል። የሚያርፍባቸው ነጥቦች ሦስት ይሆናሉ፦ ሁለት እግሮችና የበትሩ ጫፍ። ከአንገት ሥር የሚወርደው መስመር ከእግሮቹ ወጥቶ ወደ በትሩ ቢያደላም ሰውየው አይወድቅም። ጀማሪ መቋሚያውን መጨረሻ ላይ እንደ ጌጥ ሲጨምረው ካህኑ ወደ ጎን የሚወድቅ ይመስላል፤ አስቀድሞ ሲሠፍረው ግን ሰውነቱ ቦታውን ያገኛል። ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴትም እንዲሁ ናት። የሸክሙ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚስባት ከወገቧ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ የምታዘነብልበት መጠን የማሰሮውን ወይም የጀሪካኑን ሙላት ይናገራል።

የሚንቀሳቀስ ሰው ለልኬት ጊዜ አይሰጥም። በኒው ዮርክ ያስተምር የነበረው ኪሞን ኒኮላይዲስ፣ ከሞተ በኋላ በ1941 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ተማሪዎች በአንድ ደቂቃና ከዚያም ባነሰ ጊዜ የሰውነቱን መልክ ትተው ድርጊቱን ብቻ እንዲጽፉ አዟል። ሠዓሊዎቻችን ስኬች የሚሉት ይህን ፈጣን ንድፍ ነው። ለዚህ እስክስታን የሚያህል መለማመጃ አይገኝም። ትከሻና ደረት በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ ዳሌና እግር ብዙ ጊዜ ይረጋሉ፤ ስለዚህ ተማሪው የረጋውን የታችኛውን አካል በእርግጠኛ መስመር፣ የሚርገበገበውን ላይኛውን ደግሞ በተደጋገሙ ቀላል መስመሮች ይጽፋል።

ልክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለልክ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሰው ሁሉ ይዞት ይዞራል። ቀድሞ ሸማም ገመድም በክንድና በስንዝር ይለካ እንደነበር አድማጩ ያውቃል፤ እነዚሁ ልኮች ሰውን ራሱን ለመለካትም ያገለግላሉ። የሮማው አርክቴክት ቪትሩቪዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የሰው ቁመት ከአራት ክንዱ ጋር እኩል ነው ብሎ ጽፏል። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም በ1490 እ.ኤ.አ. ገደማ በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ በቆመው ሰው ንድፉ ይህንኑ አስፍሯል። በእውነተኛ ሰው ላይ ክንድ ከሩብ ቁመት በትንሹ ይበልጣል፤ ለሠዓሊ ግን ግምቱ ይበቃል።

ሌሎቹን ልኮች እያንዳንዱ ሰው ተቀምጦ ሊፈትናቸው ይችላል። የመዳፉን ግርጌ ከአገጩ ላይ አድርጎ እጁን በፊቱ ላይ ቢዘረጋ፣ የመካከለኛው ጣት ጫፍ ጠጉር ከሚጀምርበት አካባቢ ይደርሳል። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለው ርዝመት የእግሩን ጫማ ያህላል። ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ቢለካ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጆቹን ቢጥል ክርኑ ከወገቡ ትይዩ ይሆናል፣ የጣቶቹ ጫፍ ከጭኑ አጋማሽ ይደርሳል። የቁመቱ አጋማሽ እንብርቱ ሳይሆን ከዚያ በታች፣ ጭን ከሚለይበት አካባቢ ነው፤ ጀማሪ የሚሥለው ሰው እግሩ የሚያጥረው ይህ ስለማይታወቅ ነው።

ራስም ልክ ነው። የአዋቂ ቁመት ሰባት ራስ ተኩል ያህላል፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጀግናን ወይም ቅዱስን ለማክበር ወደ ስምንት ያደርሱታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን አራት ራስ ያህል ነው። አንቀልባ ውስጥ ያለውን ልጅ በአዋቂ ልክ የሣለ ተማሪ፣ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ሥዕል ሕግ ተመልሷል። ያንን ሕግ አውቆ መምረጥ ይቻላል፤ ሳያውቁ ሲስቱ ግን ውጤቱ ከሁለቱም አይሆንም።

ቆሞ ለሚሥል ሰው ልኬቱ በእርሳስ ይሆናል። ክንድ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ አንድ ዓይን ይጨፈናል፣ የእርሳሱ ጫፍ በሰውዬው አናት ላይ ይደረጋል፣ አውራ ጣት አገጩ ላይ ይቆማል። ይህ ርዝመት ከዚያ ወደ ታች እስከ ጫማ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቆጠራል። ክርን ከታጠፈ ልኩ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ክንዱ መዘርጋቱ ግዴታ ነው። የተቀመጠ ወይም ያጎነበሰ ሰው ሰባት ተኩል አይሆንም፤ ስለዚህ የተሸመደደ ቁጥር ከፊት ያለውን ሰው አይተካም።

ከልክ በኋላ ግዝፈት ይመጣል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ደግሞ የግዝፈትን ሥርዓት ያውቁ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ሲያወጡ በመጀመሪያ ዙሪያውን ቆፍረው 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ዐለት ከተራራው ለዩት። ከዚያ ያልተቦረቦረው ዐለት የመስቀል ቅርጽ ያዘ። መስኮት፣ ደረጃና ሐረግ የተከተሉት ቅርጹ ከታወቀ በኋላ ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ የተነሣ ድንጋይ አይመለስም። የንድፍ ተማሪም እንዲሁ በሦስት ትልልቅ አካላት ይጀምራል፦ የራስ ዕንቁላል፣ የደረት ሣጥንና የዳሌ ሣጥን። ደረትና ዳሌ ራሳቸው አይታጠፉም፤ የሚጠማዘዘውና የሚታጠፈው በመካከላቸው ያለው ወገብ ነው። ክንድና እግር እንደ ግንድ ክብ ሆነው ይያያዛሉ። በዚህ ደረጃ ጡንቻና ጣት አይነኩም፤ ተማሪው የሚጠይቀው ሣጥኑ ወደ የት እንደዞረ፣ የትኛው ጎኑ ወደ እርሱ እንደቀረበ ብቻ ነው።

የመጥበብና የማጠር ነገር፣ ማለትም ወደ ተመልካቹ የተዘረጋ አካል አጥሮ የመታየቱ ነገር፣ ጀማሪን ሁሉ ያስቸግራል። የላሊበላ አቀማመጥ ለዚህ የተለየ ዕድል ይሰጣል። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ካለው አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ሰው፣ ከግርጌው የሚሄድ ምእመን ራሱና ትከሻው ይገዝፋሉ፤ ወገቡ ከትከሻው ሥር ይሰወራል፣ ጫማው ከአገጩ አጠገብ ይመጣል። በልደት በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ደግሞ ሁለቱም እይታ ባንድ ጊዜ ይገኛል። ከፊሎቹ ካህናት በዐለቱ አፋፍ ላይ በረድፍ ይቆማሉ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ውስጥ ሆነው ይመልሳሉ፤ በዜማውም ዝቅና ከፍ ይላሉ። ከታች ሆኖ ላየ ሰው የላይኞቹ እግርና የልብስ ጫፍ ትልቅ፣ ራሳቸው ትንሽ ነው። ከላይ ላየ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ይህን ሲሥል ተማሪው የሚያውቀውን የአካል ርዝመት ትቶ በአንድ አካልና በሌላው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ ይጻፍ። የማያውቀው ቅርጽ ዓይንን አያታልልም።

ልብስን በተመለከተ ላስታ ከአውሮፓ አካዳሚ ይለያል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ከዕርቃን ሞዴል ፊት ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ ነበር። እዚህ የሚታየው ሰው ጋቢ የደረበ ነው፤ ስለዚህ አካሉን ከልብሱ መተንበይ ያስፈልጋል። ቁምጣ የለበሰ ገበሬ የጉልበቱንና የባቱን አሠራር ያሳያል፤ የራስ ክንድና እጅ በመስታወት ፊት ይጠናሉ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እጥፋቱ ጥቂትና ወፍራም ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ እጥፋቱ ብዙና ቀጭን ነው። በሁለቱም እጥፋት የሚነሣው ጨርቁ ከተንጠለጠለበት ወይም ከተወጠረበት ነጥብ ነው፦ ከትከሻ፣ ከታጠፈ ክርን፣ ከተቀመጠ ሰው ጉልበት። ከነዚህ ነጥቦች ያልተነሣ እጥፋት ጌጥ ይሆናል እንጂ በሥሩ ሰው እንዳለ አይናገርም።

ነጭ ልብስ ብርሃንንም ያስተምራል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደጋው ፀሐይ ጥላን በስለት እንደተቆረጠ ያደርገዋል። በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ በረፋዱ የቆመ ሰው በብርሃንና በጥላ ለሁለት ይከፈላል፤ ተማሪው መካከለኛውን ቀለም ሁሉ ትቶ በከሰል ጥላውን ብቻ ቢሞላ ሰውየው ይወጣል። በጊዜያዊ ጣሪያ ሥር ባለው በቤተ ማርያም ግቢ ግን ብርሃኑ ይለዝባል፣ የጥላው ዳር ይደበዝዛል። በቤተ መቅደሱ ውስጥ ደግሞ ጧፍ ከታች ያበራል፤ የአገጭና የቅንድብ ሥር ይደምቃል፣ ግንባር ይጠቁራል። አንዱ ሰው በሦስቱ ቦታ ሦስት ሰው ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊት። ጀማሪ ዓይንን ወደ ግንባር ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በእውነቱ ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት አጋማሽ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ የራስ ስፋት አምስት የዓይን ስፋት ያህል ነው፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን ያስገባል። እጅም እንደ ፊት በትልቁ ይጀመራል፦ መዳፉ አንድ ሰሌዳ፣ አራቱ ጣቶች ተጋጥመው አንድ ሌላ ሰሌዳ፣ አውራ ጣት ለብቻው። ጣቶቹ የሚለያዩት ሰሌዳዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው።

ሥራውን መጀመር ለሚፈልግ የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ይበቃል። ገበያተኛ ሁሉ ይሸከማል፣ ያጎነብሳል፣ ይቀመጣል፣ ይከራከራል፤ ማንም ለሠዓሊ ብሎ አይቆምም። መሣሪያው እርሳስ ወይም ከሰል፣ ርካሽ ወረቀትና ጠንካራ ካርቶን ነው። ላጲስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት ይቅር። በእድሜ የገፉትን ቀረብ ብሎ ለመሣል «አባቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ» ወይም «እማማ፣ ይፍቀዱልኝ» ማለት ይገባል፤ እምቢ ካሉ ወረቀቱን አጥፎ ማለፍ ነው። ጠዋት ላይ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚወስዱ የክብደት ንድፎች ይሠራሉ። ከዚያ ተቀምጦ ዕቃውን የሚጠብቅ ነጋዴ ተመርጦ በእርሳስ እየተለካ ሃያ ደቂቃ ይሣላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ መቋሚያ የያዘ ካህን፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ከክብደት እስከ ልብስ በቅደም ተከተሉ ይሣላሉ።

ወረቀቶቹ አይጣሉ። በወሩ መጨረሻ ሁሉም መሬት ላይ ይዘርጉና በእያንዳንዱ ላይ በቀይ እርሳስ አራት ነገር ይመርመር፦ ከአንገት ሥር የወረደው መስመር ቋሚው እግር ላይ ደርሷል ወይ? ትከሻና ዳሌ በተቃራኒ አዘንብለዋል ወይ? አጋማሹ ጭን ከሚለይበት ላይ ነው ወይ? እጥፋቱ ከመወጠሪያ ነጥብ ተነሥቷል ወይ? አብዛኛው ስህተት በአንዱ ጥያቄ ሥር ተሰብስቦ ይገኛል፤ የሚቀጥለው ወር ልምምድም በዚያው ጥያቄ ላይ ይሆናል።